«ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት»፦ ኦቲዝም ያለበት ጀማሪ የሐዲድ መሐንዲስ የሙከራ ጊዜ

ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ የምህንድስና አማካሪ ድርጅት የ24 ዓመት ወጣት በጀማሪ የሐዲድ መሐንዲስነት ቀጠረ። ወጣቱ በሲቪል ምህንድስና ተመርቋል፣ የመውጫ ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አልፏል፣ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር) እንዳለበት ደግሞ በ22 ዓመቱ ከሐኪም ሰምቷል። በ31ኛው የሥራ ቀን የቅርብ አለቃው የግምገማ ቅጽ ሞላለት፦ የቴክኒክ ችሎታ ከ40 38፣ ሰነድ አያያዝ ከ20 11፣ የሥራ ዲሲፕሊን ከ25 7፣ ተግባቢነት ከ15 3። ከግርጌው «ለቦታው ብቁ አይመስለኝም» የሚል አንድ መስመር አለ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ስለዚህ የቀረው 29 ቀን ነበር። ከዚህ በታች ያለው በ31ዱ ቀን ምን እንደተበላሸ፣ በ29ኙ ምን እንደተሞከረ ነው። የልጁም የድርጅቱም ስም አይጠቀስም።

አቀጣጠሩ

ማስታወቂያው «0 ዓመት ልምድ» የሚል ነበር። የጽሑፍ ፈተናው 40 ደቂቃ ተሰጥቶት በ22 ደቂቃ ጨርሷል። አንዱ ጥያቄ «በ3 ሜትር ርቀት መካከል የሁለቱ ሐዲዶች የከፍታ ልዩነት በ9 ሚሊሜትር ቢለወጥ የሐዲዱ መጠምዘዝ ስንት ነው?» ይላል። በሜትር 3 ሚሊሜትር፣ ማለትም 1 ለ333 ብሎ መልሶ፣ ከጎኑ «የተፈቀደው ወሰን በጥያቄው ስላልተሰጠ ጥሩ ወይም መጥፎ ማለት አይቻልም» ብሎ ጽፏል። ፈታኞቹ ይህን ወደዱለት። በኋላ ያው ጠባይ በ«ዲሲፕሊን» ሥር ነጥብ እንደሚያስቀንሰው ያኔ ማንም አላሰበም።

በቃል ፈተናው «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲባል ስለ ሐዲድ ብየዳ 10 ደቂቃ ያህል ተናገረ። ሳቁና አለፉት። ተያዥ አጎቱ ሆነ፤ የጤና ምርመራው፣ መታወቂያው፣ የዲግሪው ቅጂ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ተሟላ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ተሠርቷል። የጤና ቅጹ «ሥር የሰደደ ሕመም አለብህ?» ይላል። ኦቲዝም ሕመም ስላልሆነ «የለም» ብሎ ጻፈ። መልሱ ቃል በቃል እውነት ነው። አለቃው በ28ኛው ቀን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ግን «ደብቆን ነው የገባው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ጥፋት በዚያ መነጽር ማየት ጀመረ።

አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸውን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ኦቲዝምን በስም አያነሣም። ነገር ግን ከአካልና ከስሜት ሕዋሳት ጉዳት ጎን የአእምሮን ይጠቅሳል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን ማመቻቸት በመሣሪያ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሥራው አደረጃጀትና በአካባቢው ላይ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ይህን አዋጅ ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ የመጨረሻው መንገድ ነው። ለተመራቂ የሚበጀው ውል በፈረመበት ሳምንት ለቅርብ አለቃው ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፦ «ትእዛዝ በጽሑፍ ሲሰጠኝ ስህተት አልሠራም። ብዙ ድምፅ ባለበት የሰው ቃል አይለይልኝም።» የምርመራውን ስም መጥራት የግድ አይደለም። በአገራችን ኦቲዝም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሕፃን ልጅ ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም የተነሣው ለልጆች ነው። ልጆቹ አድገው የራስ ቁር አድርገው ሐዲድ ላይ ይቆማሉ ብሎ የሚጠብቅ አለቃ ብዙ አይገኝም።

14 ወይስ 16?

አለቃው በልጁ ላይ ካቀረባቸው ሦስት ክሶች የመጀመሪያው «ትእዛዝ አልቀበልም ብሏል» የሚል ነው። በ12ኛው ቀን የ100 ሜትር ሐዲድ ስፋት በየ5 ሜትሩ እንዲለካ ታዘዘ፤ 21 ነጥብ ማለት ነው። ለክቶ መጣ፣ ቅጹ ላይ ግን አልፈርምም አለ። አለቃው ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ ሦስት ጊዜም «ቁጥሩ ምን እንደሆነ አላውቅም» ብሎ መለሰ። ቢሮው ውስጥ ይህ እንደ ድፍረት ተቆጠረ።

ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ነው። የቀላል ባቡሩም ሆነ የኢትዮ ጅቡቲ መስመር ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው። ይህ ስፋት የሚለካው በሐዲዶቹ ውስጠኛ ፊት መካከል፣ ከሐዲዱ ራስ ጥቂት ወረድ ብሎ ነው። ጥያቄው ስንት ወረድ ብሎ የሚለው ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት 14 ሚሊሜትር ይላሉ፤ የቻይና አሠራር 16 ሚሊሜትር ነው። የእኛ አዳዲስ መስመሮች የተሠሩት በቻይና ደረጃ ሲሆን ተማሪው የሚማርበት መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ የአውሮፓ ነው። ድርጅቱ መጋዘን ውስጥ ሁለት መለኪያ ነበረ፤ አንዱ የአውሮፓ፣ አንዱ የቻይና ሥሪት። ልጁ የመጀመሪያው ባትሪ ሲያልቅበት ሁለተኛውን አንሥቶ ቀጠለ፤ ለማረጋገጥ ያህል አንድ ነጥብ ደግሞ ሲለካ 1 ሚሊሜትር ተለያየበት።

ሐዲዱ አዲስ ከሆነ ልዩነቱ አይታይም፤ ውስጠኛው ፊት ቀጥ ያለ ስለሆነ 14ም 16ም ላይ አንድ ናቸው። ኩርባ ላይ ግን የባቡሩ ጎማ ጠርዝ የውጪውን ሐዲድ ጎን ይበላዋል፣ ፊቱም ዘንበል ይላል። ዝንባሌው ከአግድም 63 ዲግሪ ገደማ ከደረሰ 2 ሚሊሜትር ወደ ታች መውረድ ስፋቱን በ1 ሚሊሜትር ያጠብበዋል። ስለዚህ 14 ላይ የሚለካው መሣሪያ ከ16ቱ 1 ሚሊሜትር ሰፋ አድርጎ ያሳያል። 1 ሚሊሜትር ንባቡ ወሰኑ ጠርዝ ላይ ሲሆን «ይጠገን» እና «ይቆይ» የሚለውን ይለያል። ቅጹ ላይ ደግሞ የመሣሪያው ቁጥርም የልኬቱ ጥልቀትም የሚጻፍበት ቦታ የለም። አልፈርምም ማለቱ ትክክል ነበር።

ታዲያ ለምን እንዲህ ብሎ አላስረዳም? የዚህ ጉዳይ ቁልፍ እዚህ ነው። አለቃው የጠየቀው «ለምን አትፈርምም?» ብሎ፣ ቆሞ፣ ሌሎች እየሰሙ ነው። በዚያ ሁኔታ ልጁ ቃል አይመጣለትም። ከሰዓት በኋላ ግን ለሪፖርት ሲባል ዘጠኝ ገጽ ጽፎ፣ ሥዕሉን ሠርቶ፣ ልዩነቱን በሠንጠረዥ አስቀምጦ ነበር። አለቃው «አጭር ሪፖርት» ስላለ ዘጠኝ ገጹን ሳያነበው መለሰለት። ለአንዱ አጭር 2 ገጽ ነው፤ የ60 ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ገና ላስረከበ ልጅ 9 ገጽ አጭር ነው።

ማክሰኞ

ሁለተኛው ክስ «ያለ ምክንያት ከሌሊት ሥራ ቀርቷል» ይላል። መልእክቱ በቴሌግራም የተላከ አንድ መስመር ነው፦ «ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ስታዲየም እንገናኝ።»

በአማርኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ነው። የማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት ማክሰኞ ውሎ፣ መሽቶ፣ ለረቡዕ አጥቢያ ማለት ነው። ለሥራው ባቡር የሚቆምበትን ሰዓት የሚወስነው የመስመር መዝጊያ ፈቃድ ላይ ግን የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት «ማክሰኞ 00:00» ነበር፤ ይህ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ማለትም ሰኞ ሌሊት ነው። አለቃው ፈቃዱን አይቶ፣ ቀኑን እንዳለ ገልብጦ፣ ሰዓቱን ብቻ ወደ እኛ ቀየረ። የቀሩት አራት ሠራተኞች በቡና ሰዓት ስለ ነገሩ ሲያወሩ ሰምተው ሰኞ ሌሊት ሄዱ። ልጁ ቡና ላይ አልነበረም። ማክሰኞ ሌሊት ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ከሆነ ጀምሮ ስታዲየም ጣቢያ ሥር ብቻውን ቆሞ፣ 8 ሰዓት ሲሆን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቡና ላይ ያልነበረበትም ምክንያት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ላይ የሥራ ባልደረባው በያይነቱን ጠቅልሎ ሊያጎርሰው እጁን ሲዘረጋ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ያልጠበቀው እጅ ወደ ፊቱ ሲመጣ አይችለውም። ጉርሻ መመለስ በእኛ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ማንም «ና ቡና እንጠጣ» አላለውም። መረጃው ሁሉ ደግሞ የሚንሸራሸረው ቡና ላይ ነበር።

መፍጫው

ሦስተኛው ክስ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ እዚህ ላይ ድርጅቱ ልክ ነበር። በ24ኛው ቀን መስመር ተዘግቶ የሐዲዱ ፊት በመፍጫ መሣሪያ በሚስተካከልበት ሌሊት፣ መፍጫው ሲነሣ ልጁ በሁለቱ ሐዲድ መካከል ቆሞ ቀረ። ፎርማኑ «ውጣ!» ብለው ጮኹ። አልተንቀሳቀሰም። ፊሽካ ነፉ። አሁንም የለም። ክንዱን ይዘው አወጡት፤ ሲነኩት ደግሞ ደነገጠና መፈራገጥ ጀመረ።

በማግስቱ ፎርማኑ ለብቻው ጠሩት። «ልጄ፣ ስጠራህ ለምን አትሰማኝም?»

«ሰማሁዎት፤ ድምፁ ገብቶኛል። ቃሉ ነው ያልተለየኝ።»

መስመሩ ዝግ ስለነበር ባቡር አይመጣም። የ750 ቮልት ኤሌክትሪኩም ተቋርጦ፣ በመሞከሪያ ተረጋግጦ፣ ሽቦው ከሐዲዱ ጋር በአጭር ማያያዣ ታስሮ ነበር። ቢሆንም ትእዛዝ ሲሰጥ ከሐዲድ መውጣት ይህን ሥራ ለሚሠራ ሁሉ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። በማመቻቸት ስም የሚታለፍ አይደለም።

አንድ ጥሩ ሐሳብ ያለው ባልደረባ ድምፅ የሚያጠፋ የጆሮ ማዳመጫ አመጣለት። ይህ ቢሮ ውስጥ መድኃኒት ነው፤ መስኮቱ ከታክሲ ተራው በላይ ስለሆነ የረዳቶቹ ጩኸት ቀኑን ሙሉ አይቆምም። ሐዲድ ላይ ግን ክልክል ነው። ባቡር በሚሄድበት መስመር ዳር ጆሮን መድፈን ማስጠንቀቂያውንም መድፈን ነው። ይህ ልዩነት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ ተመራቂው ራሱ «ቢሮ ተፈቅዶልኛል» ብሎ ይዞት ሊወጣ ይችላል።

መፍትሔው የተገኘው በሙከራ ነው። ቀን፣ ባቡር በሌለበት የማከማቻ ሐዲድ ላይ፣ መፍጫው እየሠራ፣ ሳይነገረው በተለያየ ጊዜ 10 ጊዜ «ውጣ» ተባለ። መስፈርቱ 10 ከ10 ነው፤ 9 አይበቃም። በድምፅና በፊሽካ ብቻ 6 ከ10 ሆነ። በሁለተኛው ዙር ፎርማኑ ከጩኸቱ ጋር የእጅ ባትሪ ወደ እግሩ ሥር እያበሩ ሞከሩ፤ 9 ሆነ። ያመለጠችው አንዷ ጎንበስ ብሎ ሲለካ፣ ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሁለት ነገር ተጨመረ፦ ሥራ ሳይጀመር የመውጫው ቦታ በኖራ ይሰመራል፣ መፍጫውም «አስነሣለሁ» ተብሎ፣ ልጁ እጁን አንሥቶ «ገባኝ» ካለ በኋላ ብቻ ይነሣል፤ እሱም ከመፍጫው ከ10 ሜትር አይቀርብም። 10 ከ10 ሆነ፤ በማግስቱ ተደግሞም ያው ሆነ። እንዲያም ሆኖ ባቡር በሚመላለስበት መስመር ዳር ለሦስት ወር እንዳይመደብ ተወሰነ። ልጁ ቅር አለው። ውሳኔው ግን ተገቢ ነበር።

በ29ኙ ቀን የተለወጠው

ውጤት ያመጣው ሁሉ ርካሽ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች በቀይ ቀለም «14» እና «16» ተብለው ተጻፈባቸው፤ ቅጹም ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ። የሌሊት ሥራ መልእክት አንድ ወጥ አጻጻፍ ወጣለት፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ (ሰኞ ማታ ተኝተን ሳንነጋ)፣ ሌሊት 6፡00፣ በፈቃዱ 00:00።» ቀን ሲጻፍ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልታከለበት ሰነዱ አይመዘገብም፤ ከመለኪያው የሚወጣው ፋይል በፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ 05/03 የትኛው መሆኑ ከስድስት ወር በኋላ ለማንም አይታወቅም።

ሥራ ሲሰጠው ሦስት መስመር፦ ምን፣ እስከ መቼ፣ ሲያልቅ ምን ይመስላል። «አጭር ሪፖርት» የነበረው «2 ገጽ፣ 1 ሠንጠረዥ፣ መደምደሚያው መጀመሪያ ላይ» ሆነ። ጠዋት 2፡30 ላይ 10 ደቂቃ ከአለቃው ጋር፣ ተቀምጠው፣ ሌላ ሰው በሌለበት። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ተዛወረ።

ኤዲኤችዲው የሚታየው ዕቃ ላይ ነበር። ሐዲድ ላይ የተረሳ ዕቃ ለባቡር አደጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የብረት ማስመሪያ ሁለት ጊዜ ረስቷል። የመፍትሔው ሐሳብ የፎርማኑ ነው፦ ሰባት ኪስ የተሰፋበት የሸራ ጥቅልል። መለኪያው ለብቻው ሲሆን ኪሶቹ ለ10 ሜትሩ ሲባጎ፣ ለማስመሪያው፣ ለኖራው፣ ለእጅ ባትሪው፣ ለትርፍ ባትሪ፣ ለደብተሩና ለእርሳሱ ናቸው። ባዶ ኪስ ካለ ጥቅልሉ አይታሰርም። አሁን ሌሎቹም ይዘውት ይወጣሉ።

ሲባጎው የኩርባ መለኪያ ነው። 10 ሜትር ተወጥሮ መሃሉ ላይ ከሐዲዱ ያለው ርቀት ይወሰዳል፤ የኩርባው ራዲየስ 100 ሜትር ከሆነ 125 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ልጁ ይህን ሒሳብ ያለ ካልኩሌተር ይሠራዋል፤ ንባቦቹን በተርታ አይቶ የትኛው ነጥብ ላይ ኩርባው እንደተሰበረ ከሶፍትዌሩ ቀድሞ ይናገራል። በ47ኛው ቀን አንድ ነጥብ ላይ «ይህ የሐዲዱ ሳይሆን የሲባጎው ስህተት ነው፣ ተሳስቦ ነው» ብሎ ድጋሚ ሲለካ ልክ ሆኖ ተገኝቷል።

ውጤት ያላመጣም አለ። አለቃው የድምፅ መልእክት ይወዳል፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ መንገድ ላይ፣ መኪና እየነፋ። በጽሑፍ ይሁን ሲባል አማርኛ በስልክ መጻፍ አሰለቸውና በአምስተኛው ቀን ወደ ድምፁ ተመለሰ። በመጨረሻ የተገኘው ብልሃት ደብተሩ ላይ በእጁ ጽፎ ፎቶ አንሥቶ መላክ ነው። ሁለተኛው ክሽፈት አጋዥ ባልደረባ መመደቡ ነበር። አጋዡ ቅን ነው፤ ችግሩ በስብሰባ ሁሉ «እሱ ማለት የፈለገው…» እያለ ይመልስለት ጀመር። በሳምንት ውስጥ ልጁ ጭራሽ መናገር አቆመ። አጋዡ ተነሣ፤ በምትኩ የስብሰባ ጥያቄዎች ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይሰጡታል። «ሰው ዓይን ዓይኑን እያየህ ተናገር» የሚለው ምክር ደግሞ ከመጀመሪያውም መሰጠት አልነበረበትም፤ ዓይን ለማየት ሲታገል የሚባለው ነገር ያመልጠዋል።

ጉርሻው በአንድ ቃል ተፈታ። ልጁ ራሱ ምሳ ላይ «ጉርሻ አልችልም፣ ቡና ግን እወዳለሁ» አለ። ያን ዕለት ከሰዓት ጠሩት።

60ኛው ቀን

ቋሚ ሆኖ ተቀጠረ። በሁለተኛው ግምገማ ሰነድ አያያዝ ከ20 18፣ ዲሲፕሊን ከ25 22 ሆነ፤ የቴክኒኩ 38 አልተነካም። ተግባቢነት 3 የነበረው 6 ሆነ። ልጁ «ከ6 ወደ 15 ለመድረስ ምን ላድርግ?» ብሎ በጽሑፍ ጠየቀ። አለቃው ጥያቄውን ለአስተዳደር አስተላለፈ፤ አስተዳደር ደግሞ ቅጹ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የተገለበጠ መሆኑን፣ ለዚያ ረድፍ የተጻፈ መመሪያም አለመኖሩን መለሰ። የዓመት ደመወዝ ጭማሪ የሚሰላው በዚሁ ቅጽ ነው። 15ቱ ነጥብ አሁንም እዚያው አለ።